ነቀዟን በጋሼ ወንድሙ ስም ስሰይማት

ሰዎች፣ ዛሬ ምሳ ላይ የሠራሁትን ጠላቴም አይሥራው! መሬት ብትከፈትልኝ ዘልዬ እገባ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እዚህ መቱ ማስተርሴን የምሠራው በነቀዝ ላይ ነው። አትሳቁ! ሁለት ክረምት ሙሉ ሁሩሙ ወረዳ፣ የሰው ማሳ ውስጥ አጎንብሼ ባቄላ ስቆጥር ከርሜ፣ አንዲት ከሰሊጥ የማትበልጥ ነቀዝ አገኘሁ። ኩምቢ አላት። ኩምቢ! መጽሐፍ ላይ ብፈልጋት የለችም።

አዲስ ዝርያ አገኘሁ ማለት ነው!

አዲስ ዝርያ ያገኘ ሰው ስም ያወጣል። በሚያከብረው ሰው ስም ከሰየማት ደግሞ በእኛ ሙያ ትልቅ ክብር ነው። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

እሁድ ፍቅረኛዬን መሠረትን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌ እልካለሁ። አባቷ ጋሼ ወንድሙ "ሽማግሌው ሳይመጣ ልጁን ልየው" ብለው ዛሬ ምሳ ጠሩኝ። መሠረት በር ላይ ተቀብላኝ አንድ ምክር ሰጠችኝ፦ "ብላ፣ ዝም በል።"

በላሁ። ሁለተኛው ግን አቃተኝ።

የጋሼ ወንድሙን ሥራ ነግሬያችኋለሁ? የእህል ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከነቀዝ ጋር ሲዋጉ የኖሩ ሰው! እኔ ደግሞ የባቄላ ሽሮው ገና ሳይነሳ ከኪሴ ብልቃጥ አወጣሁ።

"ጋሼ፣ ሰርፕራይዝ አለኝ! ይቺን ነቀዝ በስምዎ ሰይሜያታለሁ። ወንድሙኢ ትባላለች።"

እትዬ አስካለ፣ የመሠረት እናት፣ ሲደነግጡ ወደ ኦሮምኛ ይዞራሉ። "ማል ጄዴ?" አሉ። ምን አለ? ማለታቸው ነው። እሳቸው ሰምተዋል፤ ማመን ነው ያቃታቸው።

ጋሼ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩዋት። "'ኢ'ዋ ምንድን ናት?"

"ላቲን ናት ጋሼ። 'የወንድሙ' ማለት ነው።"

"የወንድሙ ነቀዝ።"

"አዎ! ለዘላለም!"

እዚህ ላይ ዝም ያለ ሰው ይድን ነበር። እኔ ግን ሲጨንቀኝ ሌክቸር እሰጣለሁ! ባቄላው እሸት ሳለ በኩምቢዋ እንደምትበሳው፣ እንቁላሏን እንደምትጥልበት፣ ትሉ ውስጥ ሆኖ ፍሬውን እንደሚበላ፣ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ሽሮውን ማንም መልሶ አልነካውም። ይባስ ብዬ የስም አወጣጡን ሕግ ጨመርኩበት፦ "አንዴ ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል ጋሼ። ማንም አይሽረውም!"

"ቀድሞ የወጣ?" አሉና ተነስተው ጓዳ ገቡ።

ዱላ ሊያመጡ ነው ብዬ ጫማዬን በዓይኔ ፈለግኩ።

ይዘው የመጡት አሮጌ ደብተር ነው። አያታቸው ከጣሊያን ወረራ በፊት ጎሬ የእህል ጎተራ ጸሐፊ ነበሩ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ያነቡልን ጀመር፦

"በባቄላው ላይ ከሰሊጥ የማትበልጥ፣ አፏ እንደ ዝሆን ኩምቢ የሾለ ተባይ አየሁ። ባቄላው እሸት ሳለ በስታ ትገባለች። ልጇም በውስጥ ተቀምጦ ይበላል፤ ውጭው ግን ደህና ይመስላል። ጠግቦ ሲወጣ ነው የምናውቀው። ስለዚህ ስሟን አማች ብያታለሁ።"

አማች!

ሁለት ክረምት የለፋሁባትን ነቀዝ፣ አንድ የጎተራ ጸሐፊ ያለ ማይክሮስኮፕ ጨርሰዋታል። ስሟንም ጭምር!

ጋሼ ደብተሩን ዘጉ። "ሕጉ የራስህ ነው። ወንድሙኢ ቀረ። አማች ነው።" ከዚያ ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ "በል አማች፣ ብላ እንጂ!"

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ በሕጉ ያልታተመ ስም አይቆጠርም..."

መሠረት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እስካሁን አብጧል።

ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለዝርያዬ ሐዘን ተቀምጫለሁ። የመሠረት ቴክስት ገባ፦ "አንተ! አባዬ አማች ብሎ ጠርቶህ አንተ ስለ ነቀዝ ትከራከራለህ?"

ያኔ ነው የገባኝ። ባጃጁን አስቁሜ ብቻዬን ጮህኩ! ሹፌሩ ያመመኝ መስሎት ሆስፒታል ላድርስህ አለኝ።

ግን አንድ ነገር ጨንቆኛል፣ እስቲ ኮሜንት ላይ ምከሩኝ። እሁድ ሽማግሌዎቼ ደንቡ ነውና "ልጃችን ምንም አይወጣለትም" ማለታቸው አይቀርም። ዕድሜ ልካቸውን ደህና የሚመስል ባቄላ ሲገዙ ለኖሩ ሰው እንዲህ ይባላል?