ክቡር ቀላል-ነው እና የወንድሜ የመጨረሻ ዙር

በየሰፈሩ አንድ «ቀላል ነው» የሚል ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር ከተገኘ ነዋሪዎቹ ገና አልገቡበትም ማለት ነው። የእኛው ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ስማቸውን የሚያስታውስ ስለሌለ ክቡር ቀላል-ነው እንላቸዋለን። ፊት ለፊት ስንገናኝ «አንተ» እላቸዋለሁ፤ በዕድሜ ልጄ ለመሆን ጥቂት ዓመት ነው የቀራቸው። በጽሑፍ ግን ማዕረግ ይገባቸዋል።

ክቡርነታቸው ተሳስተው አያውቁም። የሚሳሳተው ዕቃው ነው። የወጥ ቤቴን ቧንቧ «ቀላል ነው» ብለው ፈቱት፤ ውኃው ደረጃውን ወርዶ የጎረቤት በር ሲያንኳኳ «ጥፋቱ የቧንቧው ነው፤ እኔስ በልኩ ነው ያሰርኩት» አሉ። የባለቤቴን ሬዲዮ ጠግነው ሦስት ብሎን ሲተርፋቸውም «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ብለው ብሎኖቹን በክብር እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ሬዲዮው ከዚያ ወዲህ ተንፍሶ አያውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ «ከእንግዲህ ብስክሌት በቃ» ሲለው፣ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያደለበትን መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ ልዙረው አለ። ሴት ልጁ የክብሪት ሳጥን የምታህል ካሜራ የራስ ቁሩ ላይ አሰረችለት። እሑድ ከሰዓት ዘመድ ተሰብስቦ ሊያየው ተቀጠረ። ፊልሙን ቆራርጦ ማሳመሩን እኔ ወሰድኩ። ኮምፒውተርን በስልሳ ስድስት ዓመቴ ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው፣ አልችልም ልል ነው?

ፊልሙን ከፈትኩት። የብስክሌቱ መሪ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ወንድሜ ለአንዲት ሴት ሰላምታ እጁን አነሣ፤ እጁ እስኪወርድ ሻይዬ ቀዘቀዘ። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ጩኸቱን ሰምተው ነው መሰለኝ ክቡርነታቸው ሳይጠሩ ከተፍ አሉ።

«ቀላል ነው!»

«ሬዲዮውንም እንዲሁ ነበር ያልከው።»

«እሱን ይተዉት ጋሼ። ካሜራዋ ትንሽ ናት፤ ብዙ ፊልም እንድትይዝ እንደ ትራስ ጥጥ ጠቅጥቃ ነው የምታስቀምጠው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ምስል እየፈታ ማሳየት አለበት፤ ደከመው። እርስዎ ልብስ ሰፊ አይደሉ? ጨርቁን ከመቁረጥዎ በፊት ምን ይቆርጣሉ?»

«ወረቀት።»

«በቃ! ከየፊልሙ የማትከብድ ቅጂ እናውጣ። ቆረጣውን በሷ ይሥሩ። ሲጨርሱ ፕሮግራሙ ራሱ በዋናው ፊልም ላይ ይደግመዋል።»

ቅጂው ተሠርቶ እስኪያልቅ አንድ ቀን ፈጀ። ከዚያ አስጀመርኩት። መንገዱ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ክው አልኩ። በሃያ ዓመት ጉርብትና ሰውዬው ልክ ሲሆኑ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ወንበሩን ባልይዝ እወድቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት ቆረጣውን ጨርሼ የመጨረሻውን ፊልም ላውጣ ስል ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» አለኝ። ብመለከት ሁሉም ፊልም በአንድ ስም ሁለት ሁለት ነው፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። መንታ ምን ያደርግልኛል ብዬ ከባዶቹን ሰረዝኩ። ንጽሕና ስለምወድ የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያም አራገፍኩ። ፊልሙ ወጣ። ወንድሜ ሰላም የሚላቸው ሰዎች ሁሉ ፊት የሌላቸው ጭጋግ ሆነዋል።

አርባ ዓመት መቀስ የያዝኩ ልብስ ሰፊ፣ ጨርቁን ጥዬ ወረቀቱን አስቀረሁ!

የካሜራዋን ካርድ ልጅቷ ጠርጋ ሌላ ነገር ቀርጻበታለች። የወንድሜ ጉልበትም ሁለተኛ ዙር አይሰጥም። ክቡርነታቸውን ጠርቼ አሳየኋቸው። «ቀላል ነው» አላሉም፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስደነገጠኝ። ወደ ላይ ሮጡ።

ወንድሜ ምርኩዙን እያንኳኳ ከቀጠሮው ቀድሞ የገባው ያኔ ነው።

«ምን ሆነሃል? አመድ መስለሃል እኮ! ፊልሜስ?»

ክቡርነታቸው ሃርድ ዲስክ ይዘው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«ተሳሳትኩ ጋሼ» አሉት። «ዋናውን ፊልም የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ግን ከመጀመሬ በፊት ዋናውን እንዳለ ገልብጬ አስቀርቼ ነበር። ከሬዲዮው ወዲህ ቅጂ ሳልይዝ የሰው ነገር አልነካም።»

«ድሮም አንተ ሁሉን አውቃለሁ ባይ!» ብሎ ወንድሜ ወረደባቸው። «ወንድሜን በድንጋጤ ልትገድልብኝ ነበር!»

አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔ፣ ባለ ነጭ ፀጉሩ፣ ዝም አልኩ።

ከሰዓት ዘመድ ሁሉ አየ። ያቺ ሴት ስትስቅ ጥርሷ ሳይቀር ይቆጠራል። ወንድሜ «የልጇን ደብዳቤ ሳመጣላት በሩ ድረስ ሮጣ ነበር የምትቀበለኝ» አለና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ሰውዬው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ «ተሳሳትኩ» አሉ፤ እሱንም በእኔ ጥፋት። ከላይ በሹፈት የጻፍኩትን «ክቡር» ሁሉ እባካችሁ ከልብ እንደተጻፈ አድርጋችሁ መልሳችሁ አንብቡልኝ።

ወንድሜ የምጽፈውን አንድ ሳይቀር ያነባል። ወንድም ጋሼ፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ይቺን ለማለት ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ክቡርነታቸው ግን ደረጃ ወጥተው እስኪወርዱ ብቻ ነበር የፈጀባቸው።