ክቡር አቶ ምን ይላል

ሰው ሁሉ በሁለት ይከፈላል፤ ሲቸግርህ መጥቶ የሚሠራልህና ሲቸግርህ መጥቶ የሚጠይቅህ። የመጀመሪያው ይመረቃል፤ ሁለተኛው ይታማል። ሁለተኛው ዓይነት የሌለበት ሕንፃ፣ መሥሪያ ቤት ወይም ቤተ ዘመድ አላየሁም። የእኛ ሕንፃ ድርሻ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። መተዳደሪያው ኮምፒውተር ነው። እኔ በልቤ ያወጣሁለት ስም ግን ክቡር አቶ ምን ይላል ነው።

ማዕረጉን ያገኘው በሥራው ነው። አንድ ቀን ሊፍቱ አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ሁላችንም ደጃፉ ላይ ተኮልኩለን አስተዳደሩን ስንረግም ክቡርነታቸው ከውጭ ገቡ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ሆኖ ነው?» ይል ነበር። እሳቸው «የተለጠፈው ወረቀት ምን ይላል?» አሉ። ወረቀት መኖሩን ያየ አልነበረም። ወረቀቱ «በሩን ገፋ አድርገው ይዝጉ» ይላል። በሩ ተገፋ፣ ሊፍቱ ሄደ። ያመሰገነ ግን የለም፤ እንዲያውም ሁላችንም ተቀየምን።

ሚስቱ ደግሞ የባሰ አጫውታናለች። የልብስ ማጠቢያው ውሃ ወለሉ ላይ ለቆ እሷ ጨርቅ ይዛ ስትሯሯጥ፣ ባሏ በእግሩ ጣቶች ቆሞ «ማሽኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ምን ይላል?» አላት። «‹መጀመሪያ ባልሽን ጭመቂ› ይላል አልኩት» አለችን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ግንበኛ ነኝ። ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ከሲሚንቶ ከረጢትና ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው። ኮምፒውተርም እንደዚያው፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ብቻዬን ታግዬ ለመድኩት። ኮምፒውተሩን ከሚያንቀሳቅሱት ሥርዓቶች ሊኑክስ የሚባለውን የመረጥኩት አሮጌ ማሽን ስለማይንቅ ነው። አሮጌ የማይንቅ ነገር ደስ ይለኛል።

ፊደል ሳልለይ ዓይኔ ባለቤቴ ነበረች። ደብዳቤ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ ማስታወቂያ ስናይ «ምን ይላል?» እላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳትሰለች ታነብልኛለች። አሁን የእሷ ዓይን ደከመ። ሐኪሙም የቀረውን ማቆየት እንጂ የሄደውን መመለስ አይቻልም አለን። መጀመሪያ ሰሞን ጋዜጣውን ትዘረጋልኝና «ምን ይላል?» ትለኝ ነበር። እኔ ሳነብ ድንጋይ እንደምደረድር ነው፤ አንዱን አንስቼ፣ አስተካክዬ፣ አስቀምጬ። «አንተ ሰውዬ፣ መጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያው ጠፋኝ» ትለኛለች። ስቀን እናልፈዋለን። ቆይቶ ግን መጠየቁን ተወችው። ጋዜጣው ሳይዘረጋ ይውል ጀመር። የሚጠይቅ ሰው መጠየቅ ሲተው ምን እያለ እንደሆነ እኔ አላጣውም።

ስፈላልግ ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነብ፣ አማርኛም የሚሞክር ፕሮግራም አገኘሁ። ችግሩ፣ ተሠርቶ አልቆ አይመጣም። ጥሬ ዕቃውን ይሰጡሃል፤ አንተ ማሽንህ ላይ ትገነባዋለህ። መገንባት! ከዚያ በላይ የማውቀው ምን አለና? መመሪያው ያለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ወረደ፣ ወረደና ቀጥ አለ። ደግሜ ብሞክር ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ክቡርነታቸውን አስጠራሁ። ቅዳሜ ጠዋት በነጠላ ጫማ ወረደና ሶፋው ላይ፣ ጀርባውን ለኮምፒውተሩ ሰጥቶ ተቀመጠ።

«እሺ ጋሼ፣ ምን ይላል?»

«እምቢ ይላል።»

«እምቢማ ይላል። በምን ቃል?»

«ዓይን አለህ አይደል? ዞር ብለህ እየው እንጂ!»

«እኔ ካየሁት ለእኔ ነው የሚገባኝ። ያንብቡልኝ።»

ደሜ ፈላ። ማንበብ መቻሌን ሊፈትን የመጣ መሰለኝ። ይሄኔ ባለቤቴ ከመስኮቱ ሥር «እኔም አላይም፤ ጮክ ብለህ አንብበው» አለች። ምን አደርጋለሁ?

«ላይብረሪው አልተገኘም ይላል» አልኩ። «መዝገበ ቃላት አይቻለሁ፤ ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው። ማሽኑ ቤተ መጻሕፍት አጣሁ ካለ እኔ ምን ላድርግለት? ሕንፃ ልሥራለት?»

ነጠላ ጫማው እስኪወልቅ ሳቀ። «ጋሼ፣ ግድግዳ ሲሠሩ ብሎኬቱንም ራስዎ ያመርቱ ነበር?»

«ለምን ብዬ? ተመርቶ ይመጣልኛል።»

«ላይብረሪ ማለት እሱ ነው። ሌላ ሰው አምርቶ ያስቀመጠው። ፕሮግራሙ ብሎኬት ይምጣልኝ ነው የሚለው። የትኛውን እንደሆነ ስሙን ያንብቡ።»

ስሙን አነበብኩ፤ እንዲመጣም አዘዝኩ። ማሽኑ «ድሮም አለ» ብሎ መለሰልኝ። ግንባታውን ስጀምር ደግሞ «የለም» አለኝ።

«አለ ይላል፣ የለም ይላል! ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ!»

«በትክክል ምን የለም ይላል?»

በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኩ። ለካ የለም የተባለው ራሱ ላይብረሪው አይደለም። በስሙ የተጠራ አንድ ትንሽ ፋይል ነው፤ መጨረሻው ላይ ነጥብና አንዲት ፊደል ያለችው።

«እሷን ነው የፈለግኩት» አለ። «ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው የቤቱ ፕላን ያስፈልገዋል?»

«ቁልፍ ይበቃዋል።»

«ፎቅ ሊጨምርበት ለመጣ ግንበኛስ?»

ይህ ለእኔ አይነገርም። እኔ ቤት የነበረው ላይብረሪ ለነዋሪ የሚሆነው ነው። ለግንበኛ የሚሆነው ከነፕላኑ ለብቻው ይመጣል፤ ከስሙ ኋላ «ዴቭ» የምትል ጭራ ተቀጥላበት። እሱን አስመጣሁ። ግንባታው ተጀመረ፣ ትንሽ ሄደና ሌላ ነገር ጎደለኝ ብሎ ቆመ።

«ይኸው ሌላ ስህተት!»

«ሌላ ነው? እሰይ! አዲስ ስህተት ማለት አሮጌው አለፈ ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ እሱን አልጠየቅኩትም። ማሽኑ የሚለውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ የጎደለውን በስሙ እጠራለሁ፣ ከነጭራው አስመጣለሁ። እሱ ከባለቤቴ ጋር ጨዋታ ይዟል። በመጨረሻ ግንባታው አለቀ። ላስነሳው ብል ግን አሁንም አንድ ላይብረሪ «የለም» አለኝ፤ ያውም አሁን በእጄ የገነባሁት!

«ሲገነባ ነው ወይስ ሲነሳ የለም ያለው?» አለ፣ አሁንም ሳይዞር።

«ሲነሳ።»

«እንግዲያው ቤቱ አልቋል። አዲስ ተከራይ ገብቶ ለጥበቃው ሳይነገረው ቢቀር፣ እንግዳ ሲመጣበት በር ላይ ምን ይባላል?»

«‹እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም› ይባላላ።»

ለማሽኑም ጥበቃ አዲስ መግባቱን የምትነግር አንዲት አጭር ትእዛዝ አለች። ጻፍኳት። ጋዜጣውን ከኢንተርኔት አውጥቼ ሰጠሁት፤ ማሽኑም ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ሰው በሚመስል ድምፅ ማንበብ ጀመረ። «በግድቡ ውስጥ በቂ ውሃ አለ» የሚለው ጋ ሲደርስ «አለ»ን አላልቶት አረፈ፤ «እንዲህ አለ፣ እንዲያ አለ» እንደሚባለው።

«ውሃው ምን አለ?» አለች ባለቤቴ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷም ወደ ድምፁ ዞራ «ይጠብቃል እንጂ! አልለ!» ብላ ተቆጣችው። ከሲሚንቶ ከረጢቱ ላይ ፊደል ስቆጥር እኔንም እንዲሁ ነበር የምትቆጣኝ።

እኔ ግን ሳቁ ሲበርድ አፈርኩ። ይህን ሁሉ ደክሜ ያመጣሁላት አንባቢ ከእኔ ባይብስም አይሻልም። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ክቡርነታቸው ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ተነሱ። ወደ ኮምፒውተሩም ወደ እኔም አልዞሩም። አንድ ወንበር ወደ መስኮቱ ሳቡ።

«እትዬ፣ ሌላስ? ምን ይላል?»

ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ይህን ጥያቄ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ዓይን የሌለውን ሰው ማን «ምን ይላል?» ይለዋል? እኔ ራሴ ግማሽ ዕድሜዬን ይህንኑ ስጠይቅ ኖሬ፣ ከእሷ በቀር መልሶ የጠየቀኝ ይህ ሰውዬ የመጀመሪያው መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ለዚያ ነው ለካ ደሜ የፈላው፤ ጥያቄው ለእኔ መሆኑን ስላልለመድኩ።

ባለቤቴ ሻሿን አስተካከለች። «ገና ብዙ ይላል» አለች። «እስኪ አስጀምሩት።» ማሽኑ አነበበ፤ እሷ እያስቆመች የትኛው እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ ነገረችው። ክቡርነታቸው እርማቷን ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ጻፉላቸው፤ እነሱም አመስግነው «ሌላም ካለ ላኩልን» አሉ።

ይኸው አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሲሰማ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ሊፍት ቆሞ ያገኘሁት ዕለት አሁንም አማዋለሁ፤ ልማድ ነው፣ አይለቅም። በሩን ግን ሮጬ የምከፍተው እኔ ነኝ። ክቡርነታቸው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እሷ ከመስኮቱ ሥር ትቀድማቸዋለች፦

«ና ቁጭ በል፤ ምን እንደሚል ልንገርህ።»