ልጆቹን ይዘን ወደ አፍዴራ

ፍርሃት በገዛ ስሙ ሲጠራ አይወድም። እስቲ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ደረቱን ነፍቶ «ፈራሁ» የሚል ጎልማሳ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። መንገድ የፈራ «ወገቤን ያመኛል» ይላል። ውሃ የፈራ «ዋና እኮ ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ ያስረዳችኋል። አውሮፕላን የፈራ ደግሞ የአገሩን ጋራና ሸንተረር በመኪና መስኮት ማየት የሚወድ አገር ወዳድ ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ስሆን፣ በሰፈርም በሥራ ቦታም «ጥንቁቅ ሰው» እየተባልኩ ተከብሬ ነው የኖርኩት። በዚህ ማዕረግ ጠርታኝ የማታውቀው ሚስቴ ለተብርሃን ብቻ ናት።

የደሴ ልጅ ነኝ። መቐለ የመጣሁት አማርኛ ላስተምር ነበር፤ ለተብርሃንን አገኘሁ፣ በዚያው ቀረሁ። ሁለት ልጆች አሉን፤ ናሆም አስር ዓመቱ ነው፣ ሰሊና ስድስት። ከእናታቸው ጋር በትግርኛ ይጣሉና እኔ ዘንድ በአማርኛ ሊከሱ ይመጣሉ።

አንድ ቀን ራት ላይ ለተብርሃን የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ ሁላችንም አፍዴራ እንደምንወርድ ነገረችን። ነገረችን ነው የምላችሁ፤ አላማከረችንም። ታናሽ ወንድሟ ኪሮስ ቱሪስት የሚያመላልስበት ላንድክሩዘር አለው፤ ቅዳሜ ሥራ ፈት ስለሆነ እሱ ራሱ ሊወስደን ቃል ገብቷል።

አፍዴራን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከመቐለ በስተምሥራቅ ደጋው ድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ይወርድ ይወርድና ከባሕር ወለል በታች ይገባል። እዚያ ታች ጨዋማ ሐይቅ ተኝቷል። ዙሪያው ጥንት ከመሬት ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከዳርቻው ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ ከወደ ሰሜኑ ደግሞ እሳቱ ዛሬም ያልበረደለት ኤርታሌ አለ። ጤነኛ ሰው ልጆቹን ይዞ ከባሕር በታች፣ ከእሳት አጠገብ ምን ይሠራል?

«ሐይቅ ከሆነ የምትፈልጉት ሐሸንጌ አለ» አልኩ፤ ድምፄን እንደምንም አረጋግቼ። «በእኛም አገር ሐይቅ የሚባል ሐይቅ አለ።»

«ሐሸንጌ እሳተ ገሞራ የለውም» አለ ናሆም።

ክርክሩ በዚሁ አበቃ። ከብዙ ልመና በኋላ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ኤርታሌ ላይ እንዳንወጣ፣ ሐይቁን ብቻ አይተን በዚያው ቀን እንድንመለስ ነው። ሰሊና ይህን ስትሰማ አኮረፈች። እሳቱን ነበር የፈለገችው።

ጉዳዩን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሳነሳው ፍርሃቴ ዘመድ አገኘ። የጂኦግራፊው መምህር ያ ምድር ለሁለት እየተሰነጠቀ እንደሆነና አንድ ቀን ባሕሩ ገብቶ እንደሚያጥለቀልቀው በደስታ አስረዳኝ። መቼ ብዬ ስጠይቀው ብዙ ሚሊዮን ዓመት እንደሚፈጅ ነገረኝ። እኔ ግን የጨነቀኝ ቅዳሜ ነው። የስፖርቱ መምህር የመኪና ጎማ በሙቀቱ ሲቀልጥ አይቻለሁ አለ። የሒሳቡ መምህር፣ ከአጠገባችን ከኲሓ አልፎ የማያውቀው፣ ከሁሉም አብልጦ ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ እቃ ስሸምት ከረምኩ። ጄሪካን፣ ጃንጥላ፣ ፎጣ፣ ለተቅማጥም ለማዞርም የሚሆን ኦ አር ኤስ፣ መንገድ ላይ ብንቀር ብዬ ሙሉ ካርቶን ብስኩት። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት መቐለ ውስጥ ሳጣ ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ሁለት በአየር የሚነፋ የጎማ ካላማዳሪያ ይዤ መጣሁ። ኪሮስ ካላማዳሪያዎቹን አይቶ በጣም ሳቀ። ያ ውሃ ከጨዋማነቱ የተነሳ ልስመጥ ብትለውም እሺ አይልህም አለኝ። ገመድ ጨመርኩ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ፍርሃት የእኔ ነው። እውነተኛው ፍርሃት የመጣው እሁድ ምሳ ላይ፣ ከለተብርሃን አባት ከኣቦይ ሃፍቱ ነው።

ኣቦይ ሃፍቱ እንዳ ኢየሱስ አቅራቢያ ብቻቸውን ይኖራሉ። በወጣትነታቸው አርሆ ነበሩ፤ ማለት ግመል እየነዱ ወደ ቆላው ወርደው ጨው ጭነው ከሚመለሱት ሰዎች አንዱ። የልጅ ልጆቻቸው ያን አገር ሊያዩ መሆኑን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር። የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት።

«ልጆቹን አታውርዱ» አሉ።

ለተብርሃን ለምን አለች። ሙቀት ነው አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። እሷም አሁን መንገዱ አስፋልት እንደሆነ፣ ወሩ ጥር እንደሆነ፣ መኪናው ማቀዝቀዣ እንዳለው ዘረዘረችላቸው።

«አስፋልቱ መሬቱን አያበርደውም፣ ጓለይ» አሏት፤ ልጄ ሲሉ ነው። እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

እኔ ውስጤ እልል አለ። አጋር አገኘሁ። በማግሥቱ እቤታቸው ሄድኩ፤ ሐሳቤ ለለተብርሃን የሚሆን በቂ ምክንያት ከአፋቸው ለቅሞ መመለስ ነበር። ሻይ ሰጡኝ፣ ምክንያት አልሰጡኝም። ብቻ ስንመለስ የት እንደምናርፍ ጠየቁኝ። ዳገቱን ከወጣን በኋላ፣ ነፋሻው ቦታ ላይ ሻይ እንጠጣለን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ አትቁሙ አሉኝ። ሽፍታ መስሎኝ ቆሌዬ ተገፈፈ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል እቃ ልንጭን በሩን ስንከፍት ኣቦይ ሃፍቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ደጅ ቆመዋል። ሰላምታ ሰጡን፣ የመኪናውን በር ከፍተው ከኪሮስ አጠገብ ተቀመጡ። ማንም የጠየቃቸው የለም።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ጆሮአችን ተደፈነ፤ ቀስ በቀስ ጋቢው፣ ሹራቡ፣ ኮቱ ከየሰዉ ላይ ወለቀ። ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ መጣ። ያ ሁሉ አገር አንድ ጊዜ ነድዶ ከሰሉ ሳይጠረግ የቀረ ይመስላል። ልጆቹ በመስኮት ተንጠልጥለው ይጮኻሉ፤ እኔ የጎማውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ከፊት ወንበር ኣቦይ ሃፍቱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ ይሁን መንገዱን ይቁጠሩ አላወቅሁም።

ሐይቁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያምራል። ሰማያዊ ነው፤ ዳሩ በጨው ነጭ ነው። ናሆምን በካላማዳሪያ አስገብቼ፣ ካላማዳሪያውን በገመድ አስሬ፣ ገመዱን በእጄ ጠምጥሜ ከነሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆምኩ። የጨው ሠራተኞች ቆመው አዩኝ። ዓይኔን ከናሆም ላይ አልነቀልኩም። ስለዚህም ሰሊናን አላየኋትም።

«ይቺ ልጅ ዝም አለች» የሚል የኣቦይ ሃፍቱ ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ሰሊና ጃንጥላ ሥር ተቀምጣለች። ፊቷ ቀልቷል። ለተብርሃን ደክሟት ነው አለች። ኣቦይ ሃፍቱ ግን ጎንበስ ብለው የልጅቷን አንገት በመዳፋቸው ነኩ።

«ልጅ ሲደክመው ያለቅሳል» አሉ። «ይቺ ዝም ነው ያለችው።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሰሊና አስመለሳት። ገመዱን በምን ፍጥነት ጎትቼ ናሆምን ወደ ዳር እንዳወጣሁት እኔም አላውቅ። በዚያው አቅራቢያ በሰሌን የተሠራ ጎጆ ነበር፤ አንዲት የአፋር ሴት ወጥታ ልጅቷን ከእቅፌ ወሰደችና ጥላው ውስጥ አስተኛቻት፣ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሯን ያዘችላት። ኣቦይ ሃፍቱ ሴትዮዋን በአፋርኛ አናገሯት። ይህን ቋንቋ እንደሚችሉ ልጃቸው እንኳ አታውቅም ነበር። ሴትዮዋ ስለ ልጅቷ አንድ ነገር ብላ ፈገግ አለች፤ እሳቸው ግን በዚያች ሰዓት ፈገግታ የሚታያቸው ሰው አልነበሩም። መኪናው ይነሳ አሉ።

ስንመለስ ኣቦይ ሃፍቱ ከኋላ ተቀመጡ። ሰሊና ጭናቸው ላይ፣ ለተብርሃን ከጎናቸው። ውሃ በጠርሙስ ክዳን እየቀዱ ጥቂት በጥቂት ያጠጧታል። እኔ ፊት ሆኜ አንገቴ እስኪጠመዘዝ ወደ ኋላ እያየሁ ነው። ለፍርሃቴ ሌላ ስም አልፈለግሁለትም፤ ፈርቼ ነበር።

ዳገቱን ጨርሰን የደጋው ነፋስ በመስኮት ሲገባ ሁላችንም ተነፈስን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወጣን አልኩ። የሰሊና ዓይኖች መከደን ጀመሩ።

«አታስተኟት» አሉ ኣቦይ ሃፍቱ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር።

«ኣቦይ፣ ትተኛ እንጂ፣ ይሻላታል» አለች ለተብርሃን።

«ሐዱሽም እዚህ ነው እንቅልፌ መጣ ያለኝ።»

ሐዱሽ ታናሽ ወንድማቸው ነው። በልጅነቱ ቆላ ወርዶ በወባ እንደሞተ ነበር በቤተሰቡ የሚታወቀው። ኪሮስ መኪናውን ቀስ አደረገው። አትቁም አሉት። ከዚያም ልጅቷን በክንዳቸው ቀና አድርገው እየያዙ፣ ፊቷን እያዩ፣ በትግርኛ ለእሷ ማውራት ጀመሩ። ሐዱሽ ውሰደኝ ብሎ እንዳስቸገራቸው፤ የመጀመሪያው ጉዞው እንደነበረ፤ ጨዉን ጭነው ሲመለሱ ሙቀት እንደመታው፤ ግመል ላይ አስረው ዳገቱን እንዳወጡት። እዚህ ብርዱ ጋ ሲደርሱ ፈገግ ብሎ «ወጣን አይደል?» እንዳላቸው። ትንሽ ልተኛ እንዳለ። እሳቸውም እንቅልፉ ያድነዋል ብለው ጋቢ እንዳለበሱት። ወባ ያሉት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቃቸው ስላልነበረ ለማንም ሳይናገሩት ኖሩ።

ከዚያ ሰሊና፣ እንቅልፍ በያዘው አፏ፣ «ግመሉ ማን ነበር ስሙ?» አለች።

ስሙን ነገሯት። ምን ይበላ እንደነበር ጠየቀች። ሐዱሽ ዘፈን ይችል እንደሆነ ጠየቀች። ሴት ልጅ አርሆ ትሆናለች ወይ አለች። እሳቸው ይመልሳሉ፤ እሷ ትጠይቃለች፤ እንዲህ እያሉ የመቐለ መብራት ታየ። ለተብርሃን ከአባቷ ትከሻ ላይ እጇን አላነሳችም ነበር።

ሐኪም ቤት ያገኘናት ወጣት ዶክተር ሰሊናን ደጋግማ መረመረቻትና ምን በላች አለችን። እኛ ምንም አልበላችም አልን። ናሆም እግሩን እያየ፣ ከውሃው ውስጥ ሆኖ ያየውን የብስኩቱን ነገር ተናገረ። ልጅቷ እሳት ሳታይ የምትመለስ በመሆኗ ተናድዳ፣ ሁላችንም ናሆምን ስናይ ከካርቶኑ ስንት ፓኬት ጨርሳ ኖሯል። ዝም ያለችው አፏ ሞልቶ ነው፤ ኋላም ይታወቅብኛል ብላ። ሙቀት ትንሽ ነክቷታል፣ ብስኩት ግን በጣም ነክቷታል አለች ዶክተሯ። ያቺ የአፋር ሴት በምን ፈገግ እንዳለች ያን ጊዜ ገባኝ፤ የብስኩቱን ፍርፋሪ የሰሊና ቀሚስ ላይ አይታው መሆን አለበት።

እኛ በእፎይታ ስንስቅ ኣቦይ ሃፍቱ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ዶክተሯ ወንበር ሰጥታ ደም ግፊታቸውን ለካች፤ እንደገና ለካች፤ ከዚያ አልጋ አዘዘች። እዚያው አደሩ።

በማግሥቱ ስንጠይቃቸው ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ሰሊና አልጋው ግርጌ ወጥታ የግመሉን ታሪክ ከቆመበት እንዲቀጥሉላት እየነዘነዘች ነው። ለተብርሃን ግን ሐዱሽ የት እንደተቀበረ ጠየቀቻቸው።

ዳገቱ አፋፍ ላይ፣ መንገደኛ የሚያርፍባት አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው አሉ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሄደው አያውቁም።

«እንሄዳለን» አለች ለተብርሃን።

ኣቦይ ሃፍቱ የግሉኮሱን ጠብታ ተመለከቱ። «ልጆቹም ይምጡ» አሉ።

ናሆም ደስ አለው፣ ኪሮስ ቀን ቆረጠ፣ ሁሉም እኔን አየኝ። እኔም ጥሩ ሐሳብ ነው አልኩ። ጥሩ ሐሳብም ነው። ይሁንና አፋፉ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ከሐኪም ቤቱ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ገበያ ሄድኩ፤ ለሁለቱም ልጆች ወፍራም ሹራብ ፍለጋ።