የሁለት ኮርማ ጭራ

ሰው ስለ ሥጋ ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት አይሆንልኝም። ምን ላድርግ፣ የተማርኩት እሱን ነው። ልኳንዳ ቤት ገብቼ እንኳ «ይሄ ጥንካሬ ከዘሩ ነው» እላለሁ። ጓደኞቼ ከእኔ ጋር ጥሬ ሥጋ መብላት የተዉት ለዚህ ይመስለኛል።

ደብረ ታቦር ስመደብ የተሰጠኝ ሥራ፣ ሥጋቸው ለስላሳ የሚሆን ጥጆች የሚያስወልዱ ኮርማዎችን በዘረመል መለየት ነበር። እንዴት? ከጭራቸው ጥቂት ፀጉር ከነሥሩ ነቅሎ አዲስ አበባ ወዳለ ላቦራቶሪ መላክ። ቀላል ነው አይደል? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ገሳይ አጠገብ አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ሁለት ኮርማ አሏቸው። ቀዩን ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ጥቁሩን ቦቃ ይሏቸዋል። ከሁለቱም ፀጉር ነቅዬ ለየብቻ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፤ ቦቃ በእርግጫ መረቀኝ። ድንገት ዝናብ ስለመጣ ፖስታዎቹ ላይ ስማቸውን የጻፍኩት ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ግማሹን ፀጉር በዚያው ስም ላክሁ፤ ግማሹን ከነፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ውጤቱ ሲመጣ ዳማ አለፈ፤ ቦቃ ወደቀ። እየበረርኩ ሄድኩ።

«አያ ሞላ፣ ዳማን ለዘር ያስቀሩት። ቦቃን ያኮላሹትና ለእርሻ ይሁን» አልኳቸው። ከዚያ ስለ ዘረመል ረጅም ንግግር አደረግሁ። የቦቃን አንገት እያሻሹ ሲሰሙኝ ቆዩና «እሺ ልጄ፣ እንዳልከው» አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መሳቢያዬን ሳጸዳ ፖስታዎቹን ከፈትኩ። «ዳማ» የሚለው ውስጥ ያለው ፀጉር ጥቁር ነው። «ቦቃ» የሚለው ውስጥ ቀይ። ይህን ለማየት ሁለተኛ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ስሞቹን አቀያይሬያቸዋለሁ። የተኮላሸ ኮርማ ይቅርታ ቢጠይቁት አይመለስማ።

በማግስቱ የምለውን እየተለማመድኩ ገሳይ ደረስኩ። አያ ሞላ አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሥራቸውን አላቆሙም።

«ቦቃ አልተኮላሸም» አሉኝ።

«እሺ ብለውኝ አልነበር?»

«ከዚያ ድረስ መጥተህ፣ ያን ያህል ደክመህ አስረድተህ፣ እምቢ ማለት ከበደኝ።»

«ታዲያ የሚሻለው ቦቃ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ታላቅ ወንድሙን ለፋሲካ አርደነው ነበር። የሚስቴ እናት አንድም ጥርስ የላቸውም። ከጥብሱ አስደግመው በሉ።»

በወንድሙ ሥጋ ኮርማን መመዘን እኛም ተምረነዋል። ፈተና ላይ የሳትኩት ጥያቄ ነው።

ለቢሮ ባቀረብኩት ሪፖርት ላይ «ምክሩ ለተጨማሪ ማጣራት እንዲዘገይ ተደርጓል» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዬ በስብሰባ መሃል ስለ ጥንቃቄዬ አመሰገኑኝ፤ ለሌሎች ባለሙያዎችም ልምዴን እንዳካፍል አዘዙኝ። አካፈልኩ። በደንብ ተጨበጨበልኝ።