ሳሎን የተከመረው ጡረታዬ

ጡረታ የተቃረበ ሰው አማካሪ አያጣም፤ የሚያጣው ገንዘቡን ነው! አላመናችሁም? እስቲ አሰላ ላይ ለአንድ ሰው “ትንሽ ነገር ቆጥቤያለሁ” በሉ፤ ገና መንገዱን ሳትሻገሩ የማታውቁት ሰው አስቁሟችሁ “ባጃጅ ግዛ!” ይላችኋል።

እኔ ግን ብልጥ ነኝ... ነበርኩ ማለቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የመንግሥት ወንበር ሳሞቅ ያጠራቀምኳት ገንዘብ የእርጅናዬ መደገፊያ ናት። የጡረታ አበል ብቻውን እንደማያኖረን ሳስበው፣ አልዋሻችሁም፣ እፈራለሁ። ስለዚህ ሳጉሬ ያለ ገበሬ ወዳጄን አማክሬ ገብስ ገዛሁባት። በታኅሣሥ ሲረክስ ትገዛለህ፣ ክረምት ሲወደድ ትሸጣለህ... አለቀ! መጋዘን? ሳሎናችን ምን ሆነና!

ጆንያዎቹን በጋሪ ያስገባሁት እሑድ ጠዋት፣ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ነው። ባለቤቴን ዘነበችንም “ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ!” ብዬ አስጠነቀቅኋት።

ባለጋሪው ግን አፉ አያርፍ ኖሮ፣ ጉዴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። አስቡት እስቲ... ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለችው ሰው በታኅሣሥ ያን ሁሉ ገብስ አስገብቶ ዝም ካለ ሰፈሩ ምን ይላል? የጥር ሠርግ ይላላ!

ሰኞ ዕለት የእድራችን የሴቶች ኃላፊ እትዬ አስካለ ጋን አስይዘው ከች አሉ።

“ደብቀኸን ልትድር?”

“ኧረ የምን ሠርግ እትዬ!”

“ገብሱስ?”

“እ... እንዲሁ... እንወዳለን።”

“ይኼን ሁሉ?!” ወንበር ስላልነበረ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። “ጠላውን ለእኛ ተወው፤ አንተ አታስብ።”

ወሬው ሮቤ ድረስ ደረሰ። እዚያ ቶሎሳ የሚባል አስተማሪ አለ፤ ትልቋን ልጄን ሰናይትን “ቀስ ብለን እንጋባለን” እያለ ስንት ጊዜ ያስጠበቃት። ለሌላ ልትዳር ነው ሲሉት ጊዜ ቀስ ማለቱን ረሳው! በሳምንቱ የላካቸው ሽማግሌዎች ሳሎናችን ውስጥ፣ በጆንያ መሃል ተጣብበው ተቀመጡ።

“ኦቦ ታደሰ፣” አሉኝ መሪያቸው ኦቦ ቱፋ፣ ቁጣቸውን ዋጥ አድርገው፣ “ሰውዬው ማነው?”

“የቱ ሰውዬ?”

“ይኼ ገብስ የሚደገስለት!”

ገብሱን አየሁት፤ እርጅናዬ ነው። ሰናይትን አየኋት፤ በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። ሆዴ ባባ።

“ሰውዬውማ እናንተን የላከው ነው” አልኩ። “ዘገየብን እንጂ!”

ዘነበች እልልታውን አቀለጠችው። ገብሴም በጥር ጠላ ሆነ፣ ዳቦ ሆነ፣ ተጠጥቶ ተበልቶ አለቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ጨፈርኩ፤ ወገቤን እስኪያመኝ!

በሠርጉ ማግስት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ የጡረታ መውጫዬ እንዲራዘምልኝ ለመንኩ።

“ምነው፣ ሥራው አሳሳህ እንዴ?” አለኝ።

“ኧረ ሥራውስ በቅቶኝ ነበር...” አልኩት፣ “ታናሿም ደርሳለች!”