የሌንሶች ማዕረግ

በዚያ የተከበረ መሥሪያ ቤት ያለ ኮሚቴ ማስነጠስ እንኳ ነውር ነበር። ስለዚህ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ሁሉም እትዬ የሚላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ፎቶ አንሺው ሦስት ሌንሶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ኮሚቴ ፊት ቀረበ።

እትዬ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁሉም ጋር የሚነሱት አንድ ፎቶ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላው ለፎቶ ሲሰለፍ እሳቸው የሰው ቦርሳ ታቅፈው ዳር ቆመው ኖረዋል። ይህ የፎቶ አንሺውን አንጀት በልቶታል።

ዋና ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አስተካክለው በሌንሶቹ ላይ የተጻፈውን አነበቡ። "ሃያ ስምንት፣ ሃምሳ፣ መቶ ሠላሳ አምስት። የኔ መቼም ይታወቃል።"

"ጌታዬ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ብዙ ሰው የሚያስገባው። መቶ ሠላሳ አምስቱ አጥብቦ..."

"ሲያንስ ይበዛል? ይህን ሒሳብ የት ነው የተማርከው?"

ኮሚቴው ሳቀ፤ አለቃ ሲቀልድ አለመሳቅ የዲሲፕሊን ጉድለት ነውና። ወዲያውም የሌንስ አመዳደብ የሥራ ደረጃን የተከተለ ይሆን ዘንድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። መቶ ሠላሳ አምስቱ ለዋናው፣ ሃምሳው ለክፍል ኃላፊዎች።

"ያቺን ሃያ ስምንቷን ለመዝገብ ቤቷ ስጧት" አሉ ዋናው። "ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም።"

ፎቶ አንሺው ሳቁን ዋጥ አድርጎ "እንደ ትእዛዝዎ" አለ።

በማግስቱ ዋናው ከአዲሱ ሰፊ ጠረጴዛቸው ኋላ ተጎልተው ፎቶ ተነሱ። ፎቶ አንሺው ጀርባው ግድግዳ እስኪነካ አፈገፈገ፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። ቀጥሎ አዳራሹ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛዋም ዘበኛውም ጸሐፊዋም ተጠራርተው ተሰበሰቡ። ዋናው "ቶሎ በሉ፣ ሥራ አለ!" ሊሉ ብቅ አሉ።

እትዬ ቦርሳቸውን የት እንደሚያኖሩት ጨነቃቸው። "ጌታዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይያዙልኝ" ብለው አስታቀፏቸውና መሀል ገቡ። ዋናው አፋቸውን ሳይከፍቱ ካሜራው ቀጭ አለ።

ፊልሙ ታጥቦ መጣ። በዋናው ፎቶ ላይ ያ ሁሉ ጠረጴዛ የለም፤ ፊታቸውና የከረባታቸው ቋጠሮ ብቻ፣ ልክ ለመታወቂያ እንደተነሳ ሰው። በእትዬ ፎቶ ግን የቀረ የለም፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከብቧቸው ይስቃል።

"ሌንሶቹን ቀያይረሃል!" ብለው ጮኹ ዋናው። "ይህ ሁሉ ሰው ያለበት የኔ መሆን ነበረበት!"

"እርስዎም እኮ አሉበት፣ ጌታዬ።"

"የቱ ጋ?"

"እዚህ ዳር። ቦርሳ ታቅፈው የቆሙት።"