የጎን ትወና

[የዩኒቨርሲቲ የሙዚቃና የትያትር ትምህርት ክፍል ኮሪደር። አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፤ ፊት ለፊቱ የተዘጋ በር። ከበሩ ጀርባ አንድ ሰው ፒያኖ እየደበደበ ነው፤ ቂም ያለው ይመስላል። ወንበሩ ላይ አጎትና የእህቱ ልጅ ተቀምጠዋል። አጎት ዕድሜውን ሙሉ ትያትር ቤት ውስጥ መጋረጃ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ልጅቷን ቤተሰቡ «ዝግታ» ይላታል፤ ከመናገሯ በፊት ስለምታስብ። ዛሬ የመግቢያ ፈተና አለባት። ጭቅጭቁ ከተጀመረ ቆይቷል።]

አጎት፦ ዞር በይ አልኩሽ! በጎን!

ዝግታ፦ ጋሼ፣ ገና እኮ ወንበር ላይ ነኝ።

አጎት፦ አርቲስት ከወንበር ነው የሚጀምረው። ዞር በይ፣ ጆሮሽ ይታየኝ።

ዝግታ፦ [ወደ ግድግዳው ትዞራለች] ታየዎት?

አጎት፦ አሁን ገና ተዋናይ መሰልሽ።

ዝግታ፦ አንገቴን አመመኝ።

አጎት፦ ይመምሽ! ጥበብ በዋዛ ትገኛለች? እኔ ያላየሁት ትያትር የለም። እነዚያ አንበሳ የሚያካክሉ ተዋንያን አንድ ቀን ፊታቸውን ሰጥተውኝ አያውቁም። ሲያለቅሱ በጎን፣ ሲያፈቅሩ በጎን። ሕዝቡ ግን ጣሪያው እስኪነሳ ያጨበጭባል።

ዝግታ፦ [ታስባለች] ማስታወቂያው ላይ ስለ ጎን የሚል የለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማለፊያ ውጤት ይላል፤ እሱ አለኝ። ከዚያ አንድ አጭር ትወና፣ አንድ ዘፈን፣ ቃለ መጠይቅ። በቃ።

አጎት፦ ማስታወቂያ የሚለጥፈው ዘበኛ ነው። ዘበኛ ትያትር ያውቃል? ዋናው መስፈርት በአፍ ነው የሚተላለፈው። መጀመሪያ ጎን። ቀጥሎ ጩኸት። በመጨረሻ፣ ስትሞቺ ወደ ገመዱ መውደቅ።

ዝግታ፦ የምን ገመድ?

አጎት፦ የመጋረጃው ነዋ! ተዋናይ ወደ ገመዱ ካልሞተ መጋረጃው ሲዘጋ እግሩ ውጭ ይቀራል። ስንቱን ሬሳ በእግሩ ጎትቼ አስገብቻለሁ መሰለሽ! አንዱማ «ቀስ!» ብሎ ተቆጥቶኛል።

ዝግታ፦ የእኔ ገጸ ባሕርይ ግን አትሞትም። ጎረቤቷ ቤት ወንፊት ልትዋስ ነው የመጣችው።

አጎት፦ ወንፊት ልትዋስ ወጥታ የቀረች ስንት አለች! አንቺ ብቻ ውደቂ።

ዝግታ፦ እሺ። ዘፈኑስ? እርስዎ ያስጠኑኝ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው። መሃሉ የለም።

አጎት፦ ዘፈን መሃል የለውም።

ዝግታ፦ [ለረጅም ጊዜ ታስባለች] ታዲያ መጨረሻው ጋ በምን በኩል ይደረሳል?

አጎት፦ መጋረጃ ሲከፈት ይጀመራል፣ ሲዘጋ ያልቃል። በመሃሉ ሰው ሻይ ሊጠጣ ይወጣል።

ዝግታ፦ ሕዝቡ?

አጎት፦ እኔ! ሕዝቡማ ምን ሥራ አለው፣ ተቀምጧል። ይልቅ ቃለ መጠይቁን እንለማመድ። እኔ ፈታኝ ነኝ። [ጉሮሮውን ይጠርጋል] ትያትር መማር ለምን ፈለግሽ?

ዝግታ፦ ስለምወደው።

አጎት፦ ኧረ ተይ! እንዲህ ያለ መልስ ሹራብ ሲገዛ ነው። «ጥበብ በደሜ ውስጥ ናት፤ ካላመናችሁ ደሜን መርምሩ!» በይ።

ዝግታ፦ ቢመረምሩትስ?

አጎት፦ ምኑን?

ዝግታ፦ ደሜን። ደም ማነስ አለብኝ።

[በሩ ይከፈታል። አንድ ተፈታኝ ዓይኑን እየጠረገ ወጥቶ ያልፋል።]

አጎት፦ አየሽ? ፊት ለፊት ነው የወጣው። ለዚህ ነው የጣሉት።

ዝግታ፦ ጋሼ፣ እኔስ ባላልፍ? እማዬ ቆርጣለች። ዛሬ ካልሆነልኝ ሰኞ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ልታስመዘግበኝ ነው። ቁጥር ሳይ ደግሞ እንቅልፌ ይመጣል።

አጎት፦ የአንቺስ ቀላል ነው፣ ትተኛለሽ። እኔ ነኝ ጉዴ የሚፈላው! ዘመድ አዝማድ ሰብስቤ «እኔ አሠልጥኜ አስገባታለሁ» ብያለሁ። ከእንግዲህ በምን ዓይኔ እናትሽ ቤት ምሳ እበላለሁ?

[ከውስጥ «ቀጣይ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።]

አጎት፦ ተነሽ! አገባብሽም በጎን ይሁን!

[ዝግታ እንደ ሸርጣን በጎኗ እየሄደች ትገባለች። በሩ ይዘጋል። አጎት ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፋል።]

አጎት፦ [ለራሱ] ጀመረች… ምነው ድምፅዋ ቀጠነ? ጩሂ እንጂ!… ሳቁ። ሳቁባት! ያቺን ምስኪን… ደግሞ ሳቁ። ወይኔ ምሳዬ!… ዘፈኑ መጣ። መጀመሪያው ደህና ነው… ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ይሄን አላውቀውም። ከየት አመጣችው?… አያልቅም እንዴ?

[በሩ ይከፈታል። ዝግታ ቀጥ ብላ ትወጣለች።]

አጎት፦ ፊት ለፊት ትወጫለሽ እንዴ? ያንን ልጅ አላየሽም?

ዝግታ፦ አለፍኩ።

አጎት፦ [ሁለት እጁን ወደ ላይ ይሰድዳል] አላልኩም? የእኔ ተማሪ! ጎን የማይሠራው ተአምር የለም!

ዝግታ፦ በጎን ጀምሬ ነበር። አልሄደልኝም።

አጎት፦ እንዴት?

ዝግታ፦ ግድግዳውን ወንፊት አውሰኝ አልኩት፤ ዝም አለኝ። ስለዚህ ዞርኩ።

አጎት፦ ዞርሽ?! ወዴት?

ዝግታ፦ ወደ ፈታኞቹ። እነሱ በዚያ በኩል ነበሩ።

አጎት፦ የሳቁብሽስ?

ዝግታ፦ አስቂኝ ጽሑፍ ነው እኮ ጋሼ። ባይስቁ ነበር የምደነግጠው።

አጎት፦ ያ ረጅሙ ነገርስ? ዘፈኑ ውስጥ የገባው?

ዝግታ፦ መሃሉ ነው። ከሬዲዮ አጠናሁት። እሱን ነው በጣም የወደዱት።

አጎት፦ [ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላል] ይሄ ትምህርት ቤት ሞቷል! በእኔ ዘመን ፊት ለፊት የሚተውን ሰው አልነበረም። በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርሽ!

ዝግታ፦ [ታስባለች] ጋሼ፣ እርስዎ የሚቆሙት የት ነበር?

አጎት፦ ገመዱ ጋ ነዋ፣ ከመድረኩ በስተጎን። መጋረጃ ሳቢ ሌላ የት ይቆማል?

ዝግታ፦ ሕዝቡስ የሚቀመጠው?

አጎት፦ ከፊት ለፊ…

[ከውስጥ ፒያኖው ያቆማል።]

ዝግታ፦ [አጠገቡ ትቀመጣለች] በዚያ ሁሉ ዘመን የአንድ ተዋናይ ሙሉ ፊት አይተው ያውቃሉ?

አጎት፦ [ግራ ጉንጩን እየዳሰሰ] ግራ ግራውን።